የታጠፈ ጫፍ

ሄዶ የነበረው ዕቃ ተመለሰ፤
ሦስት ኮንቴይነር ሙሉ ከኦሳካ ደረሰ።
ግራንድ ራፒድስ ላይ በረዶው ጉልበት ነው፤
በር ቁጥር ዘጠኝን በአካፋ ጠረግነው።
ሥራዬ ቀላል ነው፤ ካርቶን እከፍታለሁ፣
«ደህና» ወይ «ስባሪ» ብዬ እጽፍበታለሁ።

ቀድሞ የወጣልኝ ትልቁ ሶፋ ነው፤
እዚህ ሳሎን መሀል ትንሽ የምንለው፣
እዚያ ሊፍቱም፣ በሩም፣ ደረጃውም ጠቦት
አንድ ሰው ሳይቀመጥ ዓመት ያለፈበት።

ከዚያ የሻይ ኩባያ፣ አራት ባንድ ሳጥን።
ወይዘሮ ሂሳኤ አምና ስትመክረን፦
«አራት የሚሉት ቃል ባገሬ ሰው ጆሮ
ሞትንም ይጠራል፤ አምስት ይሁን ዘንድሮ።»
ሚስተር ዳይክማ ሳቀ፦ «ቁጥር ቁጥር ነው፤
ሳጥኑ ታትሟል፣ አሁን ምን ላርገው?»

አንዲት መብራት ወጣች። ሰካኋት፤ ትበራለች።
የካርቶኗ ማዕዘን ትንሽ ስለረገበች
ገዢው መልሷታል። ሳቅሁ፤ ኋላ ግን ሳስበው
የተጨማደደ ነጠላ ለብሶ ሰርግ የሚሄድ ማነው
«ልቤ ንጹሕ ነው» ብሎ?

በዚያ ስብሰባ ቀን ነበርኩ በዚያ ክፍል፤
ናሙና ወንበሮች እንድሸከም ስባል።
ከኦሳካ የመጡ ሦስት ሰዎች ተነሥተው
የስም ካርዳቸውን በሁለት እጅ ሰጥተው
ሲያበቁ፣ አለቃዬ ባንድ እጅ ነጠቀና
በጠርዙ ጥርሱን ጎረጎረ፣ ስሙን ሳያይ ገና።

ወሬው ወደ ሶፋው ስፋት ሲሸጋገር
ሽማግሌው ኩራሞቺ በጥርሱ መሀል አየር
ሳበ፣ ረዘም አርጎ፣ ልክ እንደ ፉጨት፤
«ትንሽ ይከብዳል» አለ፤ «እስኪ እናስብበት።»

ዳይክማ ጻፈ፦ «ተስማምተዋል።»

እኔ ከግድግዳው፣ ወንበር እንደታቀፍኩ፣
እምቢታውን ሰማሁ፤ ያለ አስተርጓሚ አወቅኩ።
«እናያለን» ማለት፣ «እግዜር ያውቃል» ማለት፣
«አይ፣ በልቻለሁ» ማለት አንጀት በታጠፈበት፣
በዚህ ነው ያደግሁት።
ይሉኝታ ለሚሉት እንግሊዝኛ የለም፤
ሃያ ዓመት ፈለግሁ፣ አንድ ቀን አልቀናኝም።
እሱ ግን ከዚያ ሰው ጥርስ መሀል ወጥቶ
እንደ ዘመድ አየኝ፣ ክፍሉን አቋርጦ መጥቶ።

ታዲያ ለምን ዝም አልኩ? እጄን አንሥቼ
«ጌታዬ፣ እምቢ እኮ ነው» ያላልኩት ፈርቼ?
ፍርሃትስ አልነበር። «ምን ይሉኛል» አልኩኝ፤
ያው የኩራሞቺ ሕመም እኔንም ያዘኝ።
ወንበሩን ተሸክሜ ወጣሁ፤ በሩን ቀስ አርጌ ዘጋሁ፣
እንዳይንቋቋ።

ሂሳኤ ስትወጣ ኮሪደር ላይ ቆማ
ስሜን ጠየቀችኝ። «አል» አልኳት፤ ዳይክማ
ያወጣልኝን ስም። «ሙሉውን» አለችኝ።
«ዓለምሰገድ።» ቀስ ብላ፣ ፊደል ሳትነክስ ጠራችኝ።
«ምን ማለት ነው?» አለች። «ዓለም ጎንበስ አለ፣
እጅ ነሣ ማለት ነው።» ፊቷ ሳቅ አዘለ፤
ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ ከወገቧ ታጥፋ፣
እጅ ነሣችኝ፣ እዚያው፣ የቡና ማሽኑ አጠገብ።
አባቴ ያወጣው ስም እውነት የሆነው ያን ቀን ነው፣
በአንድ ሰው።

ሱቁ በተከፈተ ባሥራ አራት ወሩ ተዘጋ፤
ዳይክማ ገበያውን ረገመ፣ የየኑን ዋጋ፣
የባሕሩን ርቀት። ሶፋውን አላነሣም።

አሁን ካርቶን ልቀድ ቢላዬን ስመዝዝ
ቢላ አላስፈለገኝ። የፕላስተሩን ጠርዝ
እዚያ ማዶ ያሸገው፣ ስሙን የማላውቀው፣
ሥራው ነገ ሊያበቃ፣ ደሞዙም ሊቆረጥ፣
ጫፏን እጥፍ አርጓታል፣ ጥፍሬ እንዳይላጥ።

ሁሉም እንዲሁ ነው፤ መቶ አርባ ቆጠርኩ።
ሳብ ሳደርጋት ሳትቀደድ ትመጣለች፣ ሙሉዋን።
ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም፤
«ደህና» ብዬ ጻፍኩ።